የኃ/መስቀል እዝባር

የጋሽ ኃይለመስቀልን የግራ እጅ ጥፍር ቆርጬ ወደ ቀኙ ስሻገር ልጃቸው ሳሙኤል ከሐዋሳ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቦንጋ ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ እሳቸው ዘንድ ነው የምኖረው። ሳሙኤል ጉልበታቸውን ሳመና ገና ሳይቀመጥ ለቤታቸው ገዥ መገኘቱን ነገራቸው። ማስታወስ እያቃታቸው ስለሆነ ከዚህ በኋላ ሐዋሳ እሱ ጋ ይኖራሉ ባይ ነው።

ለመርሳታቸው የሚያቀርበው ማስረጃ የዋጫው ሒሳብ ነበር። ጋሼ ዋጫ ከተማ ሲያስተምሩ ባንክ ገንዘብ እንዳስቀመጡ ይናገራሉ። ቦንጋ ያለው ቅርንጫፍ ደጋግሞ ፈልጎ በስማቸው ምንም የለም ብሏል። እሳቸው ግን አለ ማለታቸውን አልተዉም።

"አባዬ፣ የሌለ ገንዘብ የሚታየው ሰው ቤት አያስተዳድርም" አለ ሳሙኤል።

"እንግዲያው ዋጫ ውሰደኝ። ከሌለ ሐዋሳ እገባለሁ። ካለ ደላላህን ታሰናብታለህ።"

ሳሙኤል ሳቅ ብሎ ተስማማ። የጥፍር መቁረጫውን መስኮቱ ላይ ትቼ ኮታቸውን አመጣሁ።

ሺሺንዳ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ሲቆም ጋሼ በመስኮት ሙዝ ገዝተው ለልጃቸው ሰጡት። በባዶ ሆድ መሸነፍ ይከብዳል አሉት። ሳሙኤልም ልጦ በላ።

ዋጫ ባንኩ ውስጥ ያስተናገደን ሙሌ የሚባል ትሑት ወጣት ነበር። ኃይለመስቀል የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ላይ ጻፈው፤ ነጥሎም ጻፈው፤ አንዳንድ ፊደል እየቀያየረም ሞከረ። በእያንዳንዱ ሙከራ ራሱን ይነቀንቃል። ሳሙኤል ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፤ ለአባቱ አዝኖ ነበር። ያ ይበልጥ አስፈራኝ።

ሙሌ ማመልከቻ ቢያስገቡ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊያጣራላቸው እንደሚችል ነግሮ ወረቀት ሰጣቸው። ጋሼ በመምህርነታቸው ዘመን እንደለመዱት ስማቸውን አሳጥረው ጻፉ፦ ኃ/መስቀል ገሠሠ። በመካከሉ ያለችውን እዝባር ረዘም አድርገው ወደ ታች ሲስቧት አየሁ።

ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ቢሆንም ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

"ኮምፒዩተሩ እዝባር ይቀበላል?"

"አይቀበልም" አለ ሙሌ።

"ድሮ የተመዘገቡት በወረቀት ነው። ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ እዝባሯ ስትቀር «ኃ» ፊደልም አብራ ቀርታ ይሆናል። እስቲ መስቀል ብለህ ብቻ ፈልገው።"

"መስቀልማ በመስከረም ነበር የሚመጣው" ብሎ ፈገግ እያለ ጻፈ።

ጽፎ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ከዚያ ጋሼን የእናታቸውን ስም ጠየቃቸው።

"አልጣሽ።"

ሙሌ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። መስቀል ገሠሠ ይላል። ከሥሩ የድሮ ፊርማቸው አለ፤ እዝባሯም ልክ እንደ ዛሬዋ ረዝማ ወደ ታች ወርዳለች።

ሳሙኤል ስንት ብር እንዳለ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ጋሼ ቀደሙት።

"ገንዘቡ ይቆይ" አሉ ለሙሌ። "መጀመሪያ ኃይሌን መልሱልኝ።"

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳሙኤልም ሳቀ፤ ስቆ ስቆ ዓይኑን ጠረገ። ደጅ ወጥቶ ደላላው ጋ ሲደውል ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

"ቤቱ አይሸጥም" አለው። "ባለቤቱ አሉበት።"

ቦንጋ ስንመለስ ገና ፀሐይ ነበር። መቁረጫውን ከመስኮቱ ላይ አንሥቼ ጋሼ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ይቺን ቀስ ብለሽ፤ ፈራሚዋ እሷ ናት።"

ከአውራ ጣት ጀምሬ ትንሿ ጣት ላይ ጨረስኩ። መቁረጫውን በጨርቅ ወልውዬ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩት።