ከፍ ብሎ የታሰረ ሞፈር

ምጥ ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ ሰው ጸሎቱም ያልቅበታል። አያ ጓዴ ቀጥቃጩም እንደዚያው ሆነ። አንዲት ልጁ ይርጋነሽ ጓዳ ውስጥ ስታቃስት፣ እሱ ደጃፍ ተቀምጦ መሬቱን በእንጨት ይጭራል። ባሏ ለቀን ሥራ ሁመራ ከወረደ አምስት ወሩ ነው፤ ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም። ያሏት እናቷ ደስታነሽና እሱ ብቻ ናቸው።

በዚያ ጧት የቢቸና ክሊኒክ ድሬሰር ሙሉአለም በበቅሎ መጥቶ አያት። ሲወጣ አያ ጓዴን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ልጁ አግድም ነው የተኛው፤ እኔ ላወጣው አልችልም» አለ። «ሞጣ አንድ አዋላጅ ሐኪም ሰንብቷል። ዛሬ ሳይመሽ ከደረሰች ትተርፋለች። ካልደረሰች ግን፣ አያ ጓዴ፣ አልዋሽዎትም፣ ነገን አታይም።»

ሞጣ! በሰኔ ጭቃ! አውቶቡሱ ዝናብ ከጣለ ወዲህ ቆሟል። በበቅሎ እንዳትጫን መቀመጥ አትችልም። የቀረው ቃሬዛ ነው። በአገሩ ወግ ሰው ሲታመም ቃሬዛ ይበጃል፣ ጎረቤት ትከሻ እየተቀያየረ ያደርሳል፤ የተጣላ እንኳ ከዚያ አይቀርም። ለቀጥቃጭ ልጅ ግን ሁሉም ቀረ። አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ ዘር ላይ ነኝ አለ፣ አንዱማ በሩን ዘግቶ ውሻውን ለቀቀበት። ነገሩ የወገብም የዘርም እንዳልሆነ እነሱም ያውቃሉ፣ እሱም ያውቃል። «የቡዳ ልጅ ትከሻዬ ላይ ብትሞት ጦሱ ለኔ ነው» ነው የሆዳቸው። ወይ ጉድ! ማረሻቸውን ማን አሾለላቸው? ማጭዳቸውን ማን ሞረደላቸው? ያን ጊዜ ቡዳነቱ የት ሄዶ ነበር? አይ ሰው! እኔ ብሆን የዚያን ለት ማረሻቸውን ሁሉ ሰብስቤ ገደል እሰድላቸው ነበር። እሱ ግን ለቁጣም ጊዜ አልነበረውም፤ ቁልቁል ወደ ሜዳው ሮጠ።

ሜዳው ላይ ኑሮው አዲስ አበባ የሆነ የአንድ ባለርስት እርሻ ነበረ፤ አንድ ትራክተርና አንድ ተጎታች ቆመውበታል። ነጂው ሐምዱ የሚባል የሞጣ ነጋዴ ልጅ ነው። መንዳት ከለመደ ገና ዓመት አልሞላውም።

«ሐምዱ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አለ አያ ጓዴ እግሩ ላይ ወድቆ። «በዚች ተጎታችህ ሞጣ አድርስልኝ።»

«ኧረ ይነሡ! ያ አላህ! ይነሡ አያ ጓዴ!» ሐምዱ ደንግጦ አነሣው። «ወላሂ ባደርስልዎ ደስ ባለኝ። ጌታው ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። ግን ይኸው ይመልከቱት፤ ማያያዣው ባለፈው ሳምንት ተሰብሯል። ትራክተሩ አለ፣ ተጎታቹም አለ፣ የሚያገናኛቸው ነው የጠፋው። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል።»

አያ ጓዴ ጎንበስ ብሎ አየ። ከትራክተሩ ኋላ፣ ከሆዱ ሥር፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የተቀነጠሰ ብረት ተንጠልጥሏል። ከተጎታቹ በኩል ደግሞ ሞፈር የመሰለ ረዥም ብረት፣ ጫፉ ላይ ቀለበት እንደያዘ ጭቃው ላይ ተጋድሟል። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ የሚያውቀው ነገር አገኘ።

«ይህማ ብረት ነው» አለ። «ብረት ከሆነ የኔ ነው።»

ወናፉንና ብረት የሚቀጠቅጥበትን ከባዱን መስፍ ሜዳው ድረስ ተሸክሞ ወረደ። ከጣልያን ጊዜ ካሚዮን የተረፈ ባሌስትራ ነበረው፤ ማረሻ ሊያወጣበት ስንት ዓመት ሲሳሳለት የኖረ። እሱኑ እሳት ውስጥ ጨመረው። ሐምዱ ወናፉን ይነፋል፣ አያ ጓዴ ይቀጠቅጣል። አንዱን ቁራጭ አጥፎ እንደ መንጋጋ አደረገው፤ ከሌላው መንጋጋውንና ቀለበቱን አብሮ የሚይዝ ችንካር አወጣ። የተጎታቹ ሞፈርም ከፍ ብሎ እንዲደርስ አንገቱን በእሳት አጎበጠው። በደጉ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ሥራ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ እሱ ግን ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ጨረሰው። የታችኛው ቀዳዳ ከብረቱ ጋር ተቀዶ ስለነበር፣ መንጋጋውን ከነጂው ወንበር ሥር፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ በብሎን ሊያስር አነሣው።

«አያ ጓዴ፣ የፋብሪካው ከታች ነበር'ኮ» አለ ሐምዱ እየፈራ። «ያለ ነገር ዝቅ አላደረጉት ይሆናል። ከታች ሌላ ቀዳዳ ብንበሳለትስ?»

«ለመብሳት ግማሽ ቀን! ደግሞ አንተ ልጅ፣ ሞፈር ከበሬ አንገት እንጂ ከሰኮናው ሥር ሲታሰር አይተሃል? ዝቅ ስላለ አይደል ጭቃ እየነከሰ የተሰበረው? ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!»

ተረቱን ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ያጠብቅ ጀመር። ሐምዱም መሬት መሬት አየ፤ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም።

ይርጋነሽን ሦስቱ ከቤት ተሸክመው አወረዷት፤ ገለባ ጎዝጉዘው ተጎታቹ ላይ አስተኟት። ደስታነሽ ጭንቅላቷን ታቀፈች። አያ ጓዴ ምናልባት ችንካሩ ቢላቀቅ ብሎ መስፉንና መዶሻውን ጫነ። ጎረቤት ሁሉ ከየአጥሩ ሥር ሆኖ ያያል። ማሰሪያው ያዘ! ሜዳውን ያዘ፣ ጭቃውን ያዘ፣ ወንዙን እንኳ ይዞ ተሻገረ። አያ ጓዴ ከዓመት ዓመት ደፍቶት የኖረውን አንገቱን ቀና አደረገ። «እመቤቴ፣ ደርሰናል» አለ።

ከወንዙ ማዶ ወደ ሞጣ የሚያወጣው ረዥም ዳገት ነው። ትራክተሩ ገና እንደ ጀመረው ሞተሩ አጓራና የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሡ። አፍንጫው ሰማይ ሰማይ ሲል ሐምዱ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ የትራክተሩ ፊት ተመልሶ ጓ ብሎ ወደቀ። ይርጋነሽ ጮኸች። ሐምዱ ዘሎ ወርዶ ማያያዣውን አየ።

«ሌላ ትንሽ ቢሆን በጀርባው ተገልብጦ ይጨፈልቀን ነበር። ከላይ ስለ ተያዘ ነው አያ ጓዴ፤ ሲከብደው ወደ ኋላ ይስበዋል።»

አያ ጓዴ ያኔ ገባው። በሬ ሲከብደው አንገቱን ደፍቶ ይገፋል፤ ይህ ግን የሚደፋው አንገት የለውም። አርባ ዓመት የሠራበት ዕውቀት ነው ልጁን ዳገት ሥር ያቆማት። ደረቱን በቡጢ መታ። «እኔ ነኝ! በገዛ እጄ!» አለ። ዝቅ አድርጎ ለመሥራት እሳቱም ወናፉም ከወንዙ ወዲያ ቀርተዋል፤ ፀሐይዋም አዘንብላለች። የትራክተሩ አፍንጫ እንዳይነሣ ድንጋይ ጫኑበት፤ እየተንሸራተተ ወደቀ።

«አጥብቆ የሚይዝ ሰው ቢሆን ነበር» አለ ሐምዱ።

አያ ጓዴ ምንም ሳይል መስፉን አንሥቶ አፍንጫው ላይ ተፈናጠጠ። ፊቱን ወደ ዳገቱ፣ ጀርባውን ለልጁ አድርጎ፣ ያን ከባድ ብረት እንደ ሕፃን ታቀፈው።

«እኔ ሳልነግርዎ እንዳይወርዱ» አለ ሐምዱ። «ወደ ኋላም አይዙሩ። ከወረዱ ሁላችንም አለቅን፤ እነሱም ጭምር።»

ጀመሩት። ጎማዎቹ ከሥሩ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሊነሡ ይሉና በክብደቱ ይመለሳሉ። የሞተሩ ግለት ጭኑን ጠበሰው፤ አልተነቃነቀም። ከኋላው የይርጋነሽ ጩኸት ከሞተሩ በላይ ይሰማዋል፤ በሰማ ቁጥር «አለች» ይላል። ደግሞ ትጮሃለች፣ «አለች» ይላል። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ጩኸቱ ቆመ።

«ሐምዱ! ምነው ድምፅዋ?»

«ደክሟት ነው! አይዙሩ!»

«ደስታነሽ! አንቺ ደስታነሽ! ልጅቱ እንዴት ናት?»



«ደኅና ናት» አለች ደስታነሽ። ድምፅዋ የተቆረጠ ነበር። «ተኝታለች። ተቀመጥ።»

ተመስገን አለ አያ ጓዴ። ምጥ ፋታ ሲሰጥ እናቶች ሸለብ ያደርጋቸዋል ሲባል ሰምቷል። ልጁ ወንድ ከሆነ ምን እንደሚለው አሰበ፤ ሴት ብትሆንስ አለ። ብቻ ብረት ላያስነካው ማለ። ዳገቱ ሊያልቅ ሲል መስፉን አቅፎ እያለቀሰ ሳቀ።

ጫፉ ላይ መሬቱ ለጥ ሲል ሐምዱ ሞተሩን አጠፋ። «አሁን ይውረዱ» አለ፤ ዓይኑን ግን አላሳየውም። አያ ጓዴ ዘሎ ወርዶ ወደ ኋላ ሮጠ።

ደስታነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነክሳዋለች፤ ከከንፈሯ ደም ወርዶበታል። የይርጋነሽ ዓይኖች ተከድነዋል፤ አገጯ በመቀነት ታስሯል። አያ ጓዴ እጇን ያዘ። በረዶ ነው።

«መቼ?» አለ።

ነጠላውን ከአፏ አወጣችው። «ከመታጠፊያው።»

«ከመታጠፊያው? ይህን ሁሉ መንገድ? እናት አይደለሽም? ታዲያ ለምን አልጮህሽም?»

«ብጮህ ትወርድ ነበር» አለች ደስታነሽ። «አሁን ግን ወርደሃል።»

ከዚያ በኋላ ጮኸች።