የማይገጥሙት ሁለት ምሰሶዎች

እኔ ካሜራ ጠጋኝ ነኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የኖርኩት በቀኝ ዓይኔ ነው፤ ግራው ለአጃቢነት የተፈጠረ ነው። ታዲያ በዚሁ በቀኙ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ከገባበት ዓመት ሊሞላው ነበር፣ ለማንም አልተነፈስኩም። አባታችን በስተርጅናው ብርሃኑን ሲያጣ እጁን ይዘን የመራነው እኔና እህቴ ነን። ያው ነገር በእኔ ሲመጣ በስሙ ልጠራው ፈራሁ።

የእህቴ ልጅ ሱቄ የመጣችው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ የፊልም፣ አንድ ዲጂታል ካሜራ ይዛለች፤ በሁለቱም ላይ የምትገጥመው አሮጌ ሌንስ ከእኔ የተሰጣት ነው። የዘመን ጓደኞቹ አንድ ሜትር ላይ ሲቆሙ፣ እሱ ግማሽ ሜትር ድረስ ፊት ላይ የሚጠጋ ደፋር ነው።

"አጎቴ፣ ዲጂታሉ ላይ ስገጥመው የልጄን ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጥራል። በፊልሙ ካሜራ ግን ከቅርብ ሳነሳ ጭጋግ ነው" አለች።

"ይሄማ ምን ይገርማል? በዓይንሽ የምታዪበት የፊልሙ ካሜራ መስኮት ርቀት የሚለካው እስከ አንድ ሜትር ቅርበት ድረስ ብቻ ነው። ሌንሱ ከዚያ አልፎ ይጠጋል፣ መስኮቱ ግን ባለበት ይቀራል። ዲጂታሉ ሌንሱ የሚያየውን ራሱን ስለሚያሳይሽ አይቸገርም።" ከመሳቢያዬ ክር አውጥቼ ግማሽ ሜትር ላይ ቋጠርኩላት። "የሌንሱን ቀለበት ግማሽ ሜትር ላይ አድርጊና ክሩን ከካሜራው እስከ ልጁ ዓይን ወጥሪ። ከዚያ ክሩን ለቀሽ አንሺ።"

"በቃ?"

"በቃ። ዕድሜ ለክር።"

እዚህ ላይ ብተወው ምን ነበረበት። እኔ ግን እጄ አያርፍም፤ "እስቲ ከሩቅስ?" ብዬ ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። በመስኮቱ መሃል ባለችው ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ነገሩ ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ቀለበቱን ስታዞረው ሁለቱ ይገጥሙና አንድ ይሆናሉ፤ ያኔ ፎቶው ጥርት ይላል። በመንገዱ ጫፍ፣ ሩቅ በቆመው የመብራት ምሰሶ ሞከርኩት። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ያው ሁለት ምሰሶ ነው።

"ተዛብቷል" አልኩና ካቻቢቴ አነሳሁ።

"ከሩቅ ሳነሳ እኮ ደህና ነበር።"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ተዛብቷል።"

ሩብ ሰዓት ያህል ሁለቱን ምስሎች የምታገጥመውን የማስተካከያ ብሎን ወዲህ ወዲያ አሽከረከርኳት። ምሰሶዎቹ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት አንገጥምም አሉ። የእህቴ ልጅ ካሜራውን ከእጄ ወሰደችና አየችበት።

"አሁን አበላሸኸው። ቅድም አንድ ነበር።"

ደሜ ፈላ። "ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ለእኔ ካሜራ የምታስተምሪው?"

ሌንሱን ፈታ ዲጂታሉ ላይ ገጠመችው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ከቅርብ አነሳችና ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አጉልታ ሰጠችኝ።

"ምን ቁጥር ነው?"

"ሰባት።"

"ስንት ሰባት?"

ስክሪን ላይ የሚገጥም ወይም የሚለያይ ምስል የለም፤ ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ከሰባቱ ጎን ግን ገርጣ ያለ ሌላ ሰባት ቆሟል። የማመካኝበት ብሎን አጣሁ።

"ሁለት" አልኳት። "ዓመት ሊሞላው ነው። እንደ አባቴ እንዳልሆን ፈርቼ ነው የደበቅኩት።"

"እናቴ ካወቀች ቆይታለች። ባለፈው ሻይ ስትቀዳላት ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ነው የቀዳኸው። 'በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም' እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስትጨቀጭቀኝ ነው የከረመችው። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዛልሃለች።"

"ሳትጠይቀኝ?"

"ብትጠይቅህ ትሄድ ነበር?"

ሌንሱን ወደ ፊልሙ ካሜራ መለስኩትና "ያዢው" አልኳት። እሷ በመስኮቱ ምሰሶውን ታያለች፣ እኔ ብሎኗን በጣቴ እየዳሰስኩ በቀስታ አዞራለሁ።

"አሁንስ?"

"ሁለት።"

"አሁንስ?"

"ተጠጉ። ትንሽ ብቻ ቀራቸው።"

"አሁን?"

"አንድ።"

ልማዴ ካሜራውን ነጥቄ ራሴ ማረጋገጥ ነበር። ከእህቴ ልጅ ዓይን ላይ አላነሳሁትም። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ እኔ ሳላየው ከሱቄ የወጣ ካሜራ እሱ ብቻ ነው።