ጎነ ሦስት

ዷ፣ ዷ የሚል ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ። «ችካል እየመቱ ነው» አለች እናኑ፣ እርምጃዋን አፋጠነች። ልጇ አማረ ተከተላት።

ጉሙ ሲሳሳ ሰዎቹ ታዩ፤ መሬት የሚለካው ባለሙያ፣ የቀበሌው ሽማግሌ አያ እንግዳው፣ የማሳ ጎረቤቷ ይርዳው፣ ሌሎችም። ዛሬ መሬት የማስለካቱና የማስመዝገቡ ተራ የእሷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በዚህ የሩዝ ማሳ ነውና በስሟ ካልተመዘገበ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ላይ መሬት የሚታወቀው በአራት አዋሳኝ ነው። እናኑ ጠራች፤ በምሥራቅ ቦዩ፣ በሰሜን መንገዱ፣ በምዕራብ ይርዳው። ባለሙያው የደቡቡን ጠየቃት። ደቡብ የላትም፤ ማሳዋ ወደዚያ እየሾለ ሄዶ ያልቃል።

«ሳምቡሳ ነዋ» አለ አንዱ፤ ተሳቀ። አያ እንግዳው ግን አልሳቁም። አራተኛ አዋሳኝ የሌለው መሬት ከሌላ ካልተቆረጠ ከየት ይመጣል አሉ።

አማረ የዚህን ቅርፅ ስምና ትርጉም ቢያስረዳቸው ነገሩ የሚያልቅ መሰለው። ወረታ ሲማር ከቃል ሁሉ የወደደው ጎነ ሦስትን ነበር፤ የጣራ ገዳምን ተራራ እንኳ ለብቻው ሲሄድ በዚህ ስም ነበር የሚጠራው። ጎንበስ ብሎ ጭቃው ላይ በጣቱ ሣለ። ጎነ ሦስት ማለት ሦስት ጎን ያለው ቅርፅ ነው፣ ሙሉ ነው፣ የጎደለው የለም አላቸው። አያ እንግዳው ስፋቱ እንዴት እንደሚለካ ጠየቁት። መጠየቁ ደስ አለው። እንደተማረው አራት ማዕዘን ሣለና ከጥግ እስከ ጥግ በመስመር ለሁለት ከፈለው።

«የዚህ ግማሽ ነው» አለ።

ይርዳው ሥዕሉን አተኩሮ አየው። «ሌላውስ ግማሽ የማን ነው?»

አማረ ይኼ ለማስላት ብቻ እንደሆነ፣ መሬቱን ማንም እንዳልቆረጠው ደጋግሞ ነገራቸው። በተናገረ ቁጥር ሰዎቹ ጭቃውን ያያሉ።

«አንተው ቆረጥኸው እኮ» አለ ይርዳው ረጋ ብሎ። «እኔ ምን አልሁ?»

ባለሙያው እሱን ቅርፁ እንደማያስጨንቀው ተናገረ። ጎረቤት ከተከራከረ ግን መመዝገብ አይችልም፤ ጉዳዩ እስኪለይ የደረሰው ሩዝም አይታጨድም። ሽማግሌው በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ወደሚቀጥለው ማሳ አለፉ።

«እማዬ፣ ወረዳ ሄጄ አስረዳለሁ» አለ አማረ።

እናኑ ነጠላዋን አጠበቀች። ፊቱን እንኳ ሳታይ፣ ወደ ቤት በሚወስደው ሳይሆን በቦዩ ዳር የቀን ሥራ ወደሚገኝበት ወደ ሐሙሲት አቅጣጫ ሄደች።