በበራችን ሥር የቆመው ውሃ

ሮማን ዓርብ ጠዋት ወደ ቢሮዬ የገባችው ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ነው። እግሯ እስከ ባቷ ጭቃ ነበር። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ቤት ለቤት ስትዞር ዓመታት አይቻታለሁ፤ እንደዚያ ቀን ተናዳ ግን አላየኋትም።

«ጋሽ አልአዛር፣ ቅሬታ ላስመዘግብ ነው።»

«በማን ላይ?»

«በውሃው ላይ።»

ሣቅሁ። እሷ አልሣቀችም።

ሥራዬ ቅሬታ መስማት ነው። በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቀበሌያችን ውስጥ መጀመሪያ በዘበኝነት ተቀጠርኩ። በር ላይ ቁጭ ብዬ ሰዎች ማመልከቻ ሲያጽፉ እየሰማሁ፣ የተጣለ ወረቀት እያነሳሁ እያነበብኩ፣ መጻፉን በራሴ ለመድኩት። በኋላ ጠረጴዛ ሰጡኝና «ቅሬታ ሰሚ» ተባልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሰው ሲናገር አላቋርጥም፤ ለሥራው ሌላ ችሎታ የለኝም።

ሮማንንም ሳላቋርጥ ሰማኋት። ከአስፋልቱ የሚነሳው የጎርፍ መውረጃ ቦይ በሠፈራችን መሐል ያልፍና ታች እትዬ አለምነሽ ቤት ጎን ደርሶ ወደ ትልቁ ቦይ ይገባል። መግባት ነበረበት። ሐሙስ ከሰዓት በዘነበው ዝናብ ግን ውሃው ቦዩን ትቶ በመንገዱ ወረደ። የሦስት ቤት ሽንት ቤት ጉድጓድ አጥለቀለቀና ከነቆሻሻው እትዬ አለምነሽ ግቢ ገባ። ደጃፉ ላይ ለመድረስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ዝናቡ አባራ። ከደጃፉ ወዲያ ደግሞ አራስ ተኝታለች፤ የልጃቸው ሚስት ጫልቱ።

«ሕፃኑ ስድስተኛ ቀኑ ነው» አለች ሮማን። «እትብቱ ገና አልወደቀም። እናቱ ሲወለድ ብዙ ደም ፈሷታል። የሽንት ቤት ውሃ ያ ክፍል ከገባ እንዴት እንደሚያልቅ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ድጋሚ ማየት አልፈልግም።»

«ታዲያ ለጥቂት ቀን ሌላ ቤት ትውጣ።»

«አላልኳቸውም መሰለዎት? እትዬ አለምነሽ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፦ ‹አራስ ከቤት አይወጣም። ውሃው ይውጣ።›»

ማዘጋጃ ቤት ደወልኩ። ዮፍታሄ የሚባል የቦይ መሐንዲስ አለ፤ ልጅ ነው ግን ስልክ ያነሳል።

«ማሽን የማገኘው ማክሰኞ ነው» አለኝ። «እስከዚያ የተደፈነበትን ቦታ ፈልጉልኝ። ሠፈሩ ሁሉ በየበሩ በኮንክሪት ከድኖታል። አርባ ቤት ሶሌታ ላፈርስ አልችልም፣ ጋሽዬ። አንዱን ብቻ ንገሩኝ። ጋሽ ኩማን እልክልዎታለሁ።»

ጋሽ ኩማ ከሰዓት ዲጂኖ በትከሻቸው ይዘው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ቦይ ሲጠርጉ ነው የኖሩት። ዕድሜያቸውን ብጠይቃቸው «ከዚህ አስፋልት እበልጣለሁ» አሉኝ።

እኔ መሣሪያ ያመጣሉ ብዬ ነበር። ያመጡት ያንን ብረት ብቻ ነው። ከላይ ጀመርን። በየቤቱ በር ላይ ያለውን ሶሌታ በዲጂኖው ጫፍ አንድ ጊዜ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ከዚያ በሲዳምኛ ይቆጥራሉ፤ «ሚቶ... ላሜ... ሳሴ...»

«ምን ይላል?» አልኳቸው።

«ባዶ ነው። ይተነፍሳል። ና፣ አንተም ስማ።»

ተንበርክኬ ጆሮዬን ሲሚንቶው ላይ አደረግሁ። እሳቸው መቱት። ከሥሩ እንደ ባዶ በርሜል ያለ ድምፅ ተመለሰ፤ ከድምፁ ኋላ ደግሞ ቀጭን ውሃ ሲሄድ ይሰማል። በዚያ መንገድ በየቀኑ አልፋለሁ። ከእግሬ በታች እንዲህ ያለ ረጅም ነገር መኖሩን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

የሱቁ ባለቤት ሰኢድ ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ጋሽ አልአዛር፣ ደግሞ መንገዱም ቅሬታ አለው?»

«አለው። ወረፋህን ጠብቅ።»

እየወረድን ስንሄድ ድምፁ ተለወጠ። ቀጭኑ ውሃ ጠፋ። ጋሽ ኩማ «እዚህ ቆሞ ነው የሚጠብቀው» አሉ። ሦስት ቤት አለፍን። ከዚያ ከሁሉም ሰፊ ወደ ሆነው ሶሌታ ደረስን። መቱት። ምንም አልመለሰም። ልክ ጆንያ እንደ መምታት ነው። ጫፉን ሞከሩ፣ መሐሉን ሞከሩ፣ ሌላኛውን ጫፍ ሞከሩ።

«እዚህ ሞቷል» አሉ። ቀና ብለው በሩን አዩ። «የማን ግቢ ነው?»

የቤተ ክርስቲያናችን በር ነበር።

ያንን ሶሌታ ከሦስት ዓመት በፊት ያስፈሰስነው ለዓመታዊው ጉባኤ የእንግዳ መኪና እንዲገባ ብለን ነው። የግንባታ ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ፤ አሸዋውን በባሬላ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ከሥር የሚደግፈው ጣውላ፣ ካሳፎርማው፣ ከቦዩ ውስጥ ነበር የቆመው። አናጢው ጠይቆኝ ነበር፤ «ለማውጫ አንድ ጎን ክፍት ልተው?» አለኝ። ጉባኤው ቅዳሜ ነበር። ቀኑ ሐሙስ ነበር። «ይቅር፣ ከሥር ነው፤ ማን ያየዋል?» አልኩት። በዚህ አፌ።

«ካሳፎርማው ወጥቷል?» አሉ ጋሽ ኩማ።

«አልወጣም። ሦስት ዓመት ሆነው።»

አላፌዙብኝም። «ጣውላ ትዕግሥት አለው» አሉ። «አንድ ፌስታል ይይዛል፣ ይጠብቃል። ሁለተኛው ሲመጣ ይይዛል። ለመሙላት ሦስት ዓመት ምን አላት።»

ቅዳሜ ጠዋት ፓስተር ዮናስ ዘንድ ሄድኩ። ቦዩ በራችን ሥር መደፈኑን፣ ሶሌታው መፍረስ እንዳለበት፣ ስለ አራሷም ነገርኳቸው። አዘኑ። ግን እሑድ የምስጋና ቀን ነው፣ ከሌሎች አጥቢያዎች እንግዶች ይመጣሉ። «ማክሰኞ ማሽኑ ይመጣ የለም እንዴ፣ ወንድም አልአዛር? እስከዚያ እግዚአብሔር ዝናቡን እንዲይዝልን እንጸልይ» አሉኝ። አሜን ብዬ ወጣሁ። ስለ ካሳፎርማው ግን ቃል አልተነፈስኩም። አሥራ አንድ ዓመት የሰው በደል ጽፌአለሁ፤ የራሴን ግን አንድም ቀን አልጻፍኩም።

ስመለስ በእትዬ አለምነሽ ቤት በኩል አለፍኩ። ደጃፉ ላይ በአሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ጆንያ ደርድረዋል።

«መጣህ? ውሃውን ልታስወጣልኝ?» አሉኝ። የሚያሾፉ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አላሾፉም። ከውስጥ ጫልቱ ስታስል ተሰማኝ።

እሑድ ከመዝሙሩ በኋላ የምስክርነት ሰዓት አለ። ሰው ወደ ፊት ይወጣና እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል፣ ጉባኤው እልል ይላል። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ሃያ ዓመት ስቀመጥ አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ተነሣሁ። ማይኩን ስይዝ ሁሉም አንገቱን አሰገገ፤ ምን ተአምር ገጥሞት ይሆን ብለው ነው መሰለኝ።

«ይህ ምስክርነት አይደለም» አልኩ። «ቅሬታ ነው። ቅሬታው በእኔ ላይ ነው።»

ከዚያ ነገርኳቸው። አናጢው ምን እንዳለኝ፣ ምን እንደመለስኩ፣ ጋሽ ኩማ ምን እንደሰሙ፣ ታች ያለችው አራስ ሁሉንም። ስጨርስ ማንም እልል አላለም። ከምሥራቅ ኮረብታዎች በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ሰው ሁሉ ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

አንዱ የኮሚቴ አባል ተነሣ። «ወንድሞች፣ ሰባት መኪና ግቢ ውስጥ አለ። ሶሌታው ከፈረሰ አንዱም አይወጣም።»

ከእናቶች ወንበር እማማ ሙሉጌጥ ድምፃቸውን አሰሙ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ወንበር ተደግፈው ነው የሚቆሙት። «በእግራቸው ይሂዱ! እኔ ስንት ዓመት በእግሬ መጣሁ። ደግሞ ጌታ የሚገባው በመኪና ነው እንዴ?»

ሣቁ አዳራሹን ናጠው። ፓስተር ዮናስ አልሣቁም። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለእማማ ሙሉጌጥ ሰጡ። «ይያዙልኝ» አሉ፤ ወደ በሩም ሄዱ።

ወጥተን ስናይ ጋሽ ኩማ አጥሩ ሥር ቁጭ ብለዋል። ማንም አልጠራቸውም ነበር። ሰማዩን አይተው ነው የመጡት። ሮማንም አጠገባቸው ቆማለች።

ያየሁትን እንዳየሁት ልጻፍ። መዘምራኑ ጋውናቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ አሰሩ። ሰኢድ ሱቁን ዘግቶ መዶሻ ይዞ መጣ። ጋሽ ኩማ «መሐሉን አትምቱ! ጫፉን! እዚህ ጋ!» እያሉ በብረታቸው ያመለክታሉ። ሦስት ዓመት መኪና የተሸከመው ኮንክሪት በግማሽ ሰዓት ተሰነጠቀ። አንድ ቁራጭ ሲነሣ የወጣው ሽታ ሁላችንንም ወደ ኋላ መለሰን። ከሥር ጣውላዎቹ እንደ ከሰል ጠቁረው ቆመዋል፤ በመካከላቸው የውሃ ፕላስቲክ፣ የጫት ገራባ፣ ጆንያ፣ የልጅ ነጠላ ጫማ፣ ሁሉም እንደ ግድግዳ ተለስኗል።

እጃቸውን እየከተቱ ማውጣት ጀመሩ። ዳሩ ላይ ሲከምሩት ጋሽ ኩማ ጮኹ፤ «አፉ ላይ አትተዉት! በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል! ዘላለም የምትሳሳቱት ይችን ነው!» እናቶች የማዕድ ቤቱን ሳፋ ሁሉ አመጡ። ጭቃው በሳፋ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ በተወለወሉት መኪኖች አጠገብ ተደፋ። ሮማን ቁስል ያለበትን ሁሉ እየለየች «አንተ ውጣ! አንቺ ጓንት አድርጊ!» ትላለች፤ ፓስተሩንም ሳይቀር።

ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ ትልልቅ ጠብታ፣ ከዚያ ጣሪያውን የሚደበድብ። ከላይ ያለው ውሃ ከቀረው የቆሻሻ ግድግዳ ኋላ ሲያጉረመርም ይሰማናል። አንድ ጣውላ ቀረ፤ ዋናው፣ አግድሙ። በእጅ አልነቃነቅ አለ። ጋሽ ኩማ የድንኳን ገመድ ይዘው ወረዱ። ጣውላውን አሰሩት። ከዚያ ሁላችንም እየጮህን «ይውጡ!» ስንላቸው ጆሯቸውን በቆሻሻው ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቆዩ። ዓይናቸው ተከድኗል።

«አሁን» አሉ።

ብብታቸውን ይዘን አወጣናቸው። ገመዱን ሳበን፤ እኔ፣ ፓስተሩ፣ ሰኢድ፣ መዘምራኑ፣ ያ ስለ መኪኖቹ የተናገረው ወንድም። ጣውላው አንድ ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ለቀቀና ሁላችንም በጀርባችን ወደቅን።

ለትንፋሽ ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ ከመሬት ውስጥ ድምፅ መጣ። እንደ ሰው ነው፣ ለረጅም ጊዜ አፉን ታፍኖ እንደተለቀቀ ሰው። ግድግዳው ተናደ፣ ውሃው መጣ። ጥቁር ሆኖ መጣ፣ ቡኒ ሆኖ መጣ፣ በክፍቱ በኩል አለፈና ከሚቀጥለው ሶሌታ ሥር ገባ። ምድር ከእግራችን በታች ሲንቀጠቀጥ ተሰማን። በመጽሐፍ ባሕር ሲከፈል አንብቤአለሁ፤ የቀበሌያችን ቦይ ሲከፈት የሚያስፈራ ይሆናል ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዝናቡ አፋችን ውስጥ ይገባል።

«ተከተሉት!» አለች ሮማን።

ሮጥን። ውሃው ከሥር፣ እኛ ከላይ። በየበሩ ስናልፍ በየሶሌታው ሥር ሲያልፍ እንሰማዋለን፤ አንዳንዴ ይቀድመናል፣ አንዳንዴ የምንቀድመው ይመስለናል። በመንገዱ ላይ ግን የሚወርደው የዝናቡ ውሃ ብቻ ነበር፤ ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም።

ታች ስንደርስ ቦዩ ሞልቶ ይጮኻል። ከአፉ ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ፣ በእትዬ አለምነሽ ግድግዳ ጎን፣ አንዲት ጠብታ ወደ ግቢው ሳይረጭ ወደ ትልቁ ቦይ ይነጉዳል። የደረስነው ከመቶ በላይ ነን፤ ጋውን የለበሰ፣ ጭቃ የለበሰ፣ ባዶ እግሩን የሆነ። አንዱ መዘምር እጁን አነሣና ሊጮኽ አፉን ከፈተ።

እትዬ አለምነሽ ደጃፉ ላይ ወጡ፤ ጣታቸው ከንፈራቸው ላይ ነው።

«እሽ! ምን ነካችሁ፣ ገና አሁን መተኛቱ ነው!»

መዘምሩ አፉን ገጠመ። ሁላችንም ገጠምን። ያ ሁሉ ውሃ እያገሳ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ ሕፃኑ ተኝቷል።

ሮማን በእጇ አንዱን ጆንያ ገፋ አድርጋ ተንበረከከች። መዳፏን በደጃፉ በኩል አስገብታ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ዳበሰችው። ከዚያ እጇን አውጥታ ወደ እኛ ዘረጋችው። አቧራ ነበረበት።

ፓስተር ዮናስ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ፤ ያንን ውሃ እያየን ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ቆምን።