ያጋደመ ያንሳ

«ግንዱን አንሳ አልኩህ እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር?»

«አላነሳም። ዝላዩ ሥር የነበረው አፈር የለም፤ ጎርፍ በልቶታል። ካላመንከኝ ሂድና በዓይንህ እይ።»

«በእግሬ? ያ ሁሉ ደንበኛ ቆሞ እያየኝ እንደ ማገዶ ለቃሚ ዳገት ልቧጥጥ?»

«ምን አለበት? ድሮ አብረን እንሄድ አልነበር?»

«ድሮ!» ታናሽየው የያዘውን ሄልሜት ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ድሮ አንተም ሰው ነበርክ።»

ሁለቱ ወንድማማቾች የተፋጠጡት ብስክሌት በሚከራይበት ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሉ ከከተማው ዳር፣ የአውቶቡሱ መስመር ከሚያልቅበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከኮረብታው ግርጌ ነው። ከአናቱ ሦስት የብስክሌት መንገዶች ይወርዳሉ። በየመታጠፊያው የተተከሉት እንጨቶች ቀለም ይለያቸዋል። አረንጓዴው ትናንት ብስክሌት ላይ ለወጣ ሰው ነው፤ ሰፊ ነው፣ ጫካውን እየዞረ ሳይቸኩል ይወርዳል። ሰማያዊው መውደቅ ለለመደ ነው። ጥቁሩ ግን ድንጋይና የዛፍ ሥር ያገጠጠበት ቁልቁለት ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ከቋጥኝ ጫፍ ተነስቶ በአየር ላይ የሚታለፍ ዝላይ አለ። ሦስቱንም በዶማና በአካፋ ቆፍሮ ያወጣቸው ታላቅየው ነው። ታናሽየው ያኔ «ጋሼ» እያለ ውሃ ያቀብለው ነበር። አሁን የኪራዩም፣ የመኪናውም፣ የበሩም ቁልፍ በታናሽየው ኪስ ውስጥ ነው።

በኮረብታው ላይ አንድ ሕግ አለ። ዝናቡ ሲያባራ አንድ ሰው መንገዱን በእግሩ ያያል፤ ካላማረው ግንድ ያጋድምበታል። ያጋደመው ራሱ ያነሳዋል እንጂ ሌላ ሰው እጁን አያሳርፍበትም። ካነሳም በኋላ በእጅ ሬዲዮ «ክፍት ነው» ይላል። ያኔ አንድ ሰው ብቻውን ቀድሞ ይወርዳል፤ ሌላው የሚከተለው እሱ በደህና ከደረሰ ነው። ሕጉን ያወጡት ወንድማማቾቹ ናቸው። ነባሮቹ ደንበኞች ያውቁታል፤ ባለቤቱ ራሱ ግንዱን በጉልበት ቢያነሳው እንኳ በዚያ መንገድ ላይ ጎማቸውን አያሳልፉም።

«ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ብለህ ነበር» አለ ታናሽየው። «ተሰነጠቀ፣ ተናደ፣ አልቆልናል! ወርጄበት ምን ሆንኩ?»

«ባለፈው ዓመት ስንጥቅ ነበር። አሁን ጉድጓድ ነው፤ ሰው ይውጣል።»

«ጉድጓዱ ያለው እዚህ ነው» አለና በጣቱ የወንድሙን ግንባር ነካ ነካ አደረገው። «ከወደቅህ ወዲህ ፍርሃት ጎጆ ቀልሶብሃል። ያንን ቦታ ባየህ ቁጥር ምድር የምትከዳህ ይመስልሃል። እሺ፣ አንተ ፍራ፤ ምን አገባኝ! እኔን ለምን ታስራለህ?»

«ላስርህ ሳይሆን…»

«ሽንት ቤት ተሸክሜ የወሰድኩህ እኔ አይደለሁም? ሚስትህ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ማን ቀረ? በማን ጣሪያ ሥር ነው የምታድረው? ቤቴ ተቀምጠህ እንጀራዬን ትዘጋለህ!»

 ታላቅየው ከወደቀ ወዲህ የሚንቀጠቀጠውን ግራ እጁን ወደ ኪሱ ከተተው።

ከጀርባው ቴሌቪዥኑ ያንኑ ነገር ይደጋግማል። ካቻምና የተቀረጸ ነው። አንድ ሰው ከጥቁሩ ዝላይ ላይ ይነሳል፤ አየር ላይ ብስክሌቱ ከሥሩ ይሾልካል፤ ሰውየው ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ እየጮኸ ይወርዳል። ከመሬት ሊደርስ ሲል ምስሉ ይቆምና ጽሑፍ ይመጣል፦ «ከመውጣትህ በፊት ደረጃህን እወቅ!» ሐሳቡን ያመጣችው የታናሽየው ሚስት ናት። ደንበኛ ስለሚያስቅ ማንም አላወረደውም። ታላቅየው ወደዚያ ክፍል ሲገባ ለቴሌቪዥኑ ጀርባውን መስጠት ለምዷል።

በሩ ተከፈተና ገና የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሳለት ጓንት ያጠለቀ ሰውዬ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገባ። ቴሌቪዥኑን አየ፤ ቀጥሎ ታላቅየውን አየ፤ እንደገና ቴሌቪዥኑን።

«ይቅርታ፣ ይሄ… እርስዎ ነዎት እንዴ?»

የታናሽየው ፊት ወዲያው በራ። «እሱ ራሱ ነው! በአካል መጣልዎት። ድሮ ስሙ ፍሬን የለሽ ነበር፤ ከወደቀ በኋላ ከፍሬን በቀር ምንም አልተረፈውም። አሁን ፍሬን ነው የምንለው።»

ሦስቱም ሳቁ። ባለ ጓንቱ ስልኩን አወጣ። «አንድ ፎቶ እንነሳ? ሚስቴ ስታየው በሳቅ ነው የምትሞተው።»

«ምን ችግር አለው!» አለ ታናሽየው።

ሚስቱ ከባንኮኒው ጀርባ ብርቱካናማ ሰደርያ ይዛ መጣች። አረንጓዴው መንገድ ላይ ሕፃናት የሚያለማምዱ ሰዎች የሚለብሱት ነው። «ልበሰዋ ጋሼ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው። ፎቶ ላይም ደመቅ ያደርግሃል።» አለበሰችው። ቁልፉን ስትቆልፍለት በደረቱ ላይ ጠበበ።

«እጅዎን እንደ ቪዲዮው ዘርጋ ያድርጉት» አለ ባለ ጓንቱ።

ታላቅየው ወንድሙን አየው።

«ዘርጋ እንጂ! ምን ይገትርሃል?»

ዘረጋ። ቀኝ እጁ ቀጥ አለ፤ ግራው ተንቀጠቀጠ።

«ውይ፣ ክንፉ እየበረረ ነው!» አለ ከጓደኞቹ አንዱ።

«አፍዎንም… እዚያ ላይ እንደሚጮኹት።»

«ክፈት» አለ ታናሽየው። አሁን አይስቅም፤ ቸኩሏል። «ክፈትና እንገላገል። ሰዎቹ ከፍለው የገቡ ናቸው።»

ታላቅየው አፉን ከፈተ። ባለ ጓንቱ የመጀመሪያው ፎቶ ስለተንቀጠቀጠበት ደገመው። ሲጨርስ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ጨዋታ አዋቂ ነዎት» አለውና ስልኩን ለጓደኞቹ አሳየ።

«አነሳዋለሁ» አለ ታላቅየው።

ማንም አልሰማውም።

«ግንዱን» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሄጄ ላንሳው።»

ታናሽየው ጉንጩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «አየህ? ሰው ትንሽ ሲስቅብህ ፍርሃቱ ይለቅሃል። ሂድ በል። እኔ በመኪናው ከላይ እጠብቃለሁ፤ ቀድሜ የምወርደው እኔ ነኝ።»

ታላቅየው ብስክሌቱን እየገፋ በአቋራጩ ወጣ። ዳገቱ ላይ ዳሌው ስለሚይዘው ሁለት ቦታ አረፈ። ግንዱ ጠዋት እንዳጋደመው ነበር፤ ከዝላዩ በላይ ካለው መታጠፊያ ላይ፣ ከጥቁሩ ምልክት ሥር። ከመታጠፊያው የቋጥኙ ጫፍ ይታያል እንጂ ማረፊያው አይታይም። የሚወርድ ሰው ማረፊያውን የሚያየው ጎማው መሬቱን ከለቀቀ በኋላ ነው።

ግንዱን አልፎ ጫፉ ድረስ ሄደና ቁልቁል አየ። አልተሳሳተም። ራሱ ቅርጫት እየተሸከመ የሞላው ለስላሳ አፈር ሙልጭ ብሎ ሄዷል። የቀረው ጥርሱ እንደተነቀለ ድድ የተቦረቦረ ጉድጓድ ነው፤ ከሥሩ ሹል ድንጋዮች ቀና ብለዋል። ከታች በኩል ደንበኞቹ ገመድ ተደግፈው ቆመዋል። ጉድጓዱ ለእነሱ በቁጥቋጦ ተሸፍኗል። ስልኮቻቸውን ወደ ላይ አንስተዋል።

የመኪናው ድምፅ ከአናቱ መጥቶ ቆመ።

ወደ ግንዱ ተመለሰና ተቀመጠበት። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ወንድሙ ጢሙን ይላጨው እንደነበር ትዝ አለው። ምላጩን ጉሮሮው አጠገብ ሲያደርስ ትንፋሹን ይይዝ ነበር፤ እንዳይቆርጠው። ሬዲዮውን አነሳና ቁልፉን ተጫነ።

«ስማኝ። አሁን በደንብ አይቼዋለሁ። ጉድጓዱ…»

«ፍሬን!» ታናሽየው አቋረጠው። «ምነው ዘገየህ? ሱሪ እየቀየርክ ነው?»

ሚስትየው ከታች ሬዲዮዋን ከድምፅ ማጉያው ጋር አስጠግታው ኖሯል። ሕዝቡ በሙሉ ሰማ። ሳቁ ለታላቅየው ሁለት ጊዜ ደረሰው፤ መጀመሪያ ከሬዲዮው፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከቁልቁለቱ። ከሁሉም በላይ የባለ ጓንቱ ድምፅ ይሰማል፦ «እጅህን ዘርጋ! ዘርጋ!»

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ተነሳ፤ ጎንበስ ብሎ ግንዱን አቀፈና አንደኛውን ጫፍ አሽከረከረው። ከመንገዱ ዳር፣ ማንም እንዳይሰናከልበት ራቅ አድርጎ፣ ከሣሩ ላይ አስተካክሎ አስተኛው። እጁን በሰደርያው ጠረገ።

«ክፍት ነው» አለ በሬዲዮው።

 ቀጥሎ የታናሽየው ድምፅ መጣ፤ ቀልዱ ጠፍቶበታል። «እርግጠኛ ነህ?»

«ክፍት ነው አልኩህ።»

«እሺ። አመሰግናለሁ ጋሼ።»

ጋሼ ካለው ቆይቷል። ታላቅየው አውራ ጣቱን ከሬዲዮው ቁልፍ ላይ እንዳሳረፈ ቆመ። ከዚያ ሬዲዮውን አጠፋው።

በአቋራጩ ወደ አረንጓዴው መንገድ ተሻገረና ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ሁለቱንም ፍሬን ያዝ እያደረገ በዝግታ ወረደ። ከአንዱ መታጠፊያ ላይ አንዲት እናት የልጇን ኮርቻ ደግፋ ቆማለች።

«ይሄኛው አያስፈራም አይደል?» አለችው ሰደርያውን አይታ።

«አያስፈራም» አላት። «ቀስ ብላ ትውረድ።»

ግርጌው ላይ ሰደርያውን አውልቆ የመጨረሻው አረንጓዴ ምልክት ላይ ሰቀለው። ብስክሌቱን ከሌሎቹ ጋር ደረደረ። ሬዲዮውን ባንኮኒው ላይ አኖረ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ብቻ ይሠራል። ውጭ፣ የወንድሙ ሚስት በድምፅ ማጉያው ትቆጥራለች፤ ሕዝቡም አብሯት ይቆጥራል፦ «አምስት! አራት!»

የግቢው ዘበኛ ከወንበሩ ተነስቶ አንገቱን ወደ ኮረብታው አስግጓል። ታላቅየው የበሩ መዝጊያ ብረት አጠገብ ሲደርስ ዘበኛው ዓይኑን ከዳገቱ ሳይነቅል ገመዱን ሳበለት። ብረቱ ተነሳ፣ ታላቅየው ጎንበስ ብሎ አለፈ፣ ብረቱም ከኋላው ወረደ።