ያልተወጋሁት መርፌ

ልጄ ዓርብ በቀዶ ሕክምና ልትወልድ ቀጠሮ ይዛለች፤ የእኔ በረራ ሐሙስ ጠዋት ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ግን ገና ክትባት ክፍል በር ላይ ተቀምጫለሁ።

መገጣጠሚያዬን የሚያሳብጠው ሕመም ከያዘኝ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የምውጠው ኪኒን የሰውነቴን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ የቢጫ ወባ ክትባት ለእኔ ክልክል ነው። ሐኪሜ ይህንኑ በደብዳቤ ጽፎልኛል። መከተብ እንደሌለብኝ የሚያስረዳ ወረቀት ከያዝኩ ልጄ ያለችበት አገር ያስገባኛል።

ከታቢው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና አስረዳኝ። ማስረጃው የሚጻፈው በቢጫው የክትባት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ደብተሩ ግን የሚሰጠው ለተከተበ ሰው ብቻ ነው። ደንቡን ማን እንዳወጣው ብጠይቀው፣ ሲቀጠር እንዲሁ እንዳገኘው ነገረኝ። ኃላፊዋ ስብሰባ ሄደዋል፤ የሚመለሱት ሐሙስ ከሰዓት ነው።

እሱ ወደ መዝገብ ቤት ላከኝ፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መልሳ ወደ እሱ። በሦስተኛው ምልልስ ጉልበቴ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ምንም ባላጠፋችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ላይ ጮህኩ።

ከታቢው ሳያዝንልኝ አልቀረም፤ አስገብቶ በሩን ገርበብ አደረገ። ከብልቃጡ በመርፌ ቀዳና መታጠቢያው ውስጥ አፈሰሰው። ከዚያ ደብተር አውጥቶ ስሜን፣ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ የተመለሰ ቀንና የብልቃጡን ቁጥር ሞላ፤ ማኅተም መታበት።

"እንኩ፣ እትዬ። ተወግተዋል።"

ሃያ ስድስት ዓመት ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ፤ ላልመረመርኩት ደም ውጤት ጽፌ አላውቅም። ደግሞስ እዚያ ሄጄ ቢያተኩሰኝ? ሐኪሞቹ የሚያምኑት ይህንን ደብተር ነው።

"ሰርዘው" አልኩት።

"የሚፈልጉት አውሮፕላን ነው ወይስ ጽድቅ?"

"ደብተሩ አሁን እጄ ገብቷል አይደል? ማስረጃውን መጨረሻው ገጽ ላይ ጻፍልኝ።"

ቆም ብሎ አሰበ። ደንቡ ይህን አይከለክልም። ክትባቱን ሰረዘ፣ ማስረጃውን ጻፈ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ስርዝ ያለበት ደብተር ያለ ኃላፊዋ ፊርማ እንደማይወጣ ነገረኝ።

ለልጄ ደውዬ ሁሉንም ዘረዘርኩላት፤ በረራውን ወደ ዓርብ እንደማዛውረውም ጭምር።

"እማዬ፣ አንዲት መርፌ ናት እኮ። ሰው ሁሉ ይወጋል።"

አሥራ አንድ ዓመት ያስረዳኋትን እንደገና ልጀምር ብዬ ተውኩት።

"በሰላም ተገላገዪ" አልኳት። "ቅዳሜ እደርሳለሁ።"