ገዳዩ ዳቦ ሲገምጥ

ሰፈሩ የሚያውቃቸው ጋሽ መጋረጃ በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣላቸው ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው የጥርስ ሐኪም ነው። ምክንያት አላጣም፤ የጋሽ መጋረጃ የኋላ ክፍል መስኮት አንዴ ከተጋረደ ውሎ ያድራል እንጂ አይገለጥም። እሳቸው ከመጋረጃው ወዲህ ሶፋ ላይ ተዘርግተው የድሮ ፊልም ያያሉ። ሥራቸው ነው። በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ቤት ተቀምጠው ለሚታዩ ፊልሞች የተሰጠች አንዲት ገጽ አለቻቸው። በዲስክ እንደገና የሚወጡትን ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች፣ የሙያው ሰዎች «ኖይር» የሚሏቸውን፣ ባርኔጣ ያጠለቁ ሰዎች በጥላና በዝናብ መሐል የሚገዳደሉባቸውን ይመዝኑባታል። በወጡ ጊዜ ሰው ፊት የነሳቸውን፣ ኋላ ግን ጥቂት ወዳጆች እንደ ጣዖት የሚያመልኳቸውንም አይረሱም። የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ሱቅ ውስጥ አቧራ ይጠጣ፣ ፍርዱ የሳቸው ነው።

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ያን መጋረጃ ድርብ አድርገው የሰፉት ራሳቸው ሆነው ሳለ፣ ልብስ ሊለካ ለመጣው ሁሉ፣ «የሰው ባል ፀሐይ ይሞቃል፤ የኔው እንደ ድንች ጨለማ ውስጥ ያቆጠቁጣል» እያሉ ያሟቸዋል።

ያለቻቸው አንድ ሴት ልጅ ናት። አግብታ ዓመት ቢያልፋትም ባሏን ቤተሰቡ አሁንም «ሙሽራው» እያለ ነው የሚጠራው። ሙሽራው የሚሠራው የድሮ ፊልሞችን በኮምፒውተር አጽድቶ በዲስክ በሚያወጣ ድርጅት ውስጥ ነው። ጋሽ መጋረጃ ይህን ሲሰሙ፣ «አማች ሳይሆን ልጅ አገኘሁ!» ብለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ተናግረው ነበር። ደስታው ግን ብዙም አልሰነበተም።

«አባባ፣ የድሮ ፊልም ቆሻሻው አይጣል ነው እኮ!» ይላል ሙሽራው ምሳ ላይ። ቆሻሻ የሚለው ምስሉ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚርመሰመሰውን ነገር ነው፤ ለጋሽ መጋረጃ የፊልሙ ትንፋሽ የሆነውን። የጎረሱት ጉሮሯቸው ላይ ይቆማል። ልጃቸው ከጠረጴዛው ማዶ በዓይኗ «እባክህ አባዬ» ስለምትላቸው ውኃ ጠጥተው ያወርዱታል።

አንድ እሑድ ሙሽራው ፊቱ በርቶ መጣ። እጁን ከኋላው ደብቆ፣ «አባባ፣ እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አላቸው። ጨፈኑ። መዳፋቸው ላይ አንድ የዲስክ ማኅደር አኖረላቸው።

ሲገልጡ የሚወዱት ፊልም ነበር። «ከደረጃው ሥር» ይባላል። አንድ ያረጀ የኪራይ ሕንፃ አለ፤ ተከራዮቹ አንድ በአንድ ይገደላሉ። ገዳዩ የሚያደባው ከደረጃው ሥር ባለው ጨለማ ውስጥ ነው። ተመልካች ትንፋሹን ይሰማል እንጂ መልኩን አያይም፤ ፊቱ የሚታየው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ በአንዲት ክብሪት ብርሃን ብቻ ነው። ጋሽ መጋረጃ በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት ገብተው ሲያዩት፣ ከኋላቸው የተቀመጠ የማያውቁት ጎልማሳ በፍርሃት ኮሌታቸውን ጨምድዶ ይዞ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም ነበር።

«ይህን ያጸዳኸው አንተ ነህ?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው! ግን ይገልብጡት እንጂ፣ ስጦታዬ ከጀርባው ነው።»

ገለበጡት። በወርቅማ ፊደል «እንከን የሌለው ብርሃን!» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ የገዛ ስማቸው ከነአባታቸው ሰፍሯል።

«ይህን ደግሞ መቼ ነው ያልኩት?»

«ከድሮ ጽሑፍዎ ላይ ነው። ስምዎ ይውጣ ብዬ ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ቃሉን የመረጡት የሽያጭ ክፍሎቹ ናቸው።»

ጋሽ መጋረጃ ትዝ አላቸው። የጻፉት «እንከን የሌለው ብርሃን የሚሻ ሰው ይህን ፊልም አይንካው» ብለው ነበር። ራሱን ቆርጠው ወስደው ገላውን ጥለውታል። ግን የልጁ ዓይን ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው ይቁለጨለጫል፤ ምን ይበሉት? «ተባረክ፤ እንየው» አሉ።

አራቱም የኋላ ክፍል ገቡ። ባለቤታቸው በዚያ ክፍል ጨለማ የተነሳ ሥራ ይዘው ገብተው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ፊልሙ እንደተጀመረ ከማያው በሚወጣው ብርሃን ቤቱ ወለል አለ። «ይኸውላችሁ፣ ዛሬስ መርፌ ማስገባት ይቻላል!» ብለው የአንድ ቀሚስ ጠርዝ መጥለፍ ጀመሩ።

ምሽት የነበረው መንገድ ረፋድ መስሏል። ሰባ ዓመት የሞላት የሕንፃው አከራይ፣ ፊቷ ላይ ያለው መስመር ሁሉ ተጠርጎ እንደተላጠ እንቁላል ታበራለች። አፏ ይንቀሳቀሳል እንጂ ጉንጯ አይከተለውም። ቀጥሎ ዝናቡ የሚመጣበት ቦታ ደረሰ። ሰዎች ኮሌታቸውን ሰብስበው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ይሮጣሉ። የሚዘንብ ነገር ግን የለም።

«እነዚህ ሰዎች ምን ሆኑ?» አሉ ባለቤታቸው።

«ዝናብ ነው» አሉ ጋሽ መጋረጃ በቀጭን ድምፅ።

«የታለ?»

ጋሽ መጋረጃ ወደ ሙሽራው ዞሩ። «የት አደረስከው?»

«ምኑን አባባ?»

«ዝናቡን!»

ሙሽራው ወደ ምስሉ ጠጋ ብሎ አየ። «ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች ነበሩ... ጭረት መስለውኝ...» አለ።

የባሰው ገና ነበር። ቀጥላ የምትገደለው ተከራይ ሻማ ይዛ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። የገዳዩ ትንፋሽ ተሰማ። ጋሽ መጋረጃ በልማድ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ። ከደረጃው ሥር ጨለማ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ፣ አንድ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የወለል መወልወያና ባልዲ አለ። ሰውየው እጁ ላይ ያለውን ዳቦ ገመጠ፤ አላመጠ፤ ካፖርቱ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ አራገፈ። ያ ምስኪን ተዋናይ ጨለማው ይሸፍነኛል ብሎ ተራውን ሲጠብቅ ምሳውን እየበላ ኖሯል።

«ይሄ ደግሞ ማነው? ዘበኛው ነው?» አሉ ባለቤታቸው።

ጋሽ መጋረጃ ተነሱ። መታጠቢያ ቤት ገብተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፤ አንድ ጊዜ አልበቃቸውም፤ ደገሙት። የሞተ ዘመድ ገላ አስከሬን ክፍል ውስጥ ተገልጦ፣ ተቀባብቶ፣ ሰው ሲስቅበት ያዩ ያህል ነበር። ሲመለሱ ፊልሙ ቆሟል፤ ልጃቸው የባሏን እጅ ይዛለች።

«አባባ፣ አልወደዱትም?» አለ ሙሽራው።

«ቀፈፈኝ» አሉ ጋሽ መጋረጃ።

በማግስቱ ልጃቸው ብቻዋን መጣች። ወንበር አልፈለገችም፤ በር ላይ ቆማ ነው የተናገረችው።

«አባዬ፣ ስለዚህ ፊልም አትጻፍ። ስንት ወር ዓይኑ እስኪቀላ ደክሞበታል። ያንተን ስም ሽፋኑ ላይ ሲያይ እኮ እንደ ሕፃን ነው የዘለለው።»

«ችግሩ እሱ ነው ልጄ። ስሜ ባይኖርበት አፌን ይዤ በቀረሁ። አሁን ግን ዝም ብል ሰው ሁሉ እኔ ያመሰገንኩት መስሎት ይገዛዋል።»

«ይግዛዋ! ማን ይሞታል?»

«ፊልሙ።»

«ፊልሙ ሰው አይደለም፤ ባሌ ግን ሰው ነው» አለችና በሩን ላያቸው ላይ ዘግታ ሄደች።

ጋሽ መጋረጃ ቀኑን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ዋሉ። ልጃቸው ያለችው እውነት ነው፤ ያቺን ማኅደር ባዩ ቁጥር ግን ስማቸውን በአውራ ጣታቸው ይሸፍናሉ። በመጨረሻ ጻፉት። የአማቻቸውን ስም አላነሱም። ዝናቡ ጭረት ተብሎ መጠረጉን፣ የአከራይዋን እንቁላል ፊት፣ ከደረጃው ሥር የሚበላውን ዳቦ አንድም ሳያስቀሩ ዘረዘሩ። «ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ አይደለም። አትግዙት» ብለው ዘጉት።

የመጽሔቱ አዘጋጅ አንብባ ጠራቻቸው። በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን፣ ሰው አክባሪ ሴት ናት። «ጋሼ፣ ድርጅቱ ማስታወቂያውን እኛ ጋ ነው የሚያወጣው። ትንሽ ለዘብ ቢያደርጉልኝ?»

«እመቤቴ፣ ለዘብ ያለ ትውከት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቀች፤ እንዳለ አወጣችው።

ያ ጽሑፍ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ጋሽ መጋረጃ በዕድሜያቸው ጠብቀውት የማያውቁት ነገር ሆነ። ዲስኩ ከሱቅ ጠፋ። ተጸይፎት አይደለም፤ ሰው ተሻምቶ ገዝቶት ነው። ዳቦ የሚገምጠውን ገዳይ ያላየ ሰው ከወሬ ጎደለ። ወጣቶች በየቤቱ እየተሰበሰቡ፣ እጃቸው ላይ ዳቦ ይዘው ገዳዩ ሲገምጥ አብረው ይገምጣሉ፤ ዝናብ በሌለበት ዝናብ ሲመጣ ሳሎን ውስጥ ጃንጥላ ይዘረጋሉ አሉ። ድርጅቱም አላፈረም። ማኅደሩን እንደገና አሳተመና ከጀርባው «ገዳዩ... ዳቦ ይገምጣል!» የሚል አሰፈረበት። ከሥሩ አሁንም የጋሽ መጋረጃ ስም ከነአባታቸው አለ።

የጥርስ ሐኪሙ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በራቸውን አንኳኳ። «ጋሽ መጋረጃ፣ እንግዶች አሉኝ፤ ያንን ፊልም ልናይ ነው። የሠርጉ ባለቤትማ እርስዎ ነዎት፣ ይውጡ እንጂ!» ብሎ በክንዳቸው ይዞ ወደ ላይ ወሰዳቸው።

ክፍሉ ጢም ብሏል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መጋረድ ያሰበም የለም። አንዲት ልጅ ከቅርጫት ዳቦ እያወጣች ታድላለች፤ ለጋሽ መጋረጃም መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሟቿ ሻማዋን ይዛ ስትወርድ ቤቱ በአንድ አፍ «እንብላ!» አለ። ገመጡ። ሴትየዋ ስትታነቅ፣ አፋቸው የሞላ ሰዎች ፍርፋሪ እየረጩ በሳቅ ፈረሱ። አንድ ቁራሽ የጋሽ መጋረጃ እጅጌ ላይ አረፈ፤ ምራቅ የነካው ነው። ዘግንኗቸው ክንዳቸውን አራገፉ። ይህን ሁሉ ሰው ጠርቶ ያስቀመጠው የሳቸው ብዕር መሆኑን ሲያስቡት ደግሞ የገዛ እጃቸው አስጠላቸው። ዳቦውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ ትተው ሹልክ ብለው ወረዱ።

ቤት ሲገቡ ሙሽራው ባለቤታቸው ስፌት መኪና አጠገብ፣ የጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጧል። ከዚያ እሑድ ወዲህ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው። ተነስቶ ሰላም አላቸው፤ ዓይናቸውን ግን አላየም።

«ከፎቅ የሚሰማው ሳቅ በኔ ነው አይደል?» አለ።

«በሁላችንም ነው። ተቀመጥ።»

«አለቃዬ ትናንት ጠርቶ ደሞዝ እንጨምርልህ አለኝ። አሁን ደግሞ ሌላ ፊልም አምጥተዋል። ይህንንም እንደዚያኛው አድርገው ይሉኛል። ሆን ብለህ አብራው፤ ሰው የሚስቅበት ነገር ፈልግለት። አባባ፣ የመጀመሪያውን ያበላሸሁት አሳምር ብዬ እኮ ነው! እንዴት ሆኖ ነው እያወቅሁ...»

«ምን አልከው ታዲያ?»

«ጠረጴዛው ላይ ቁልፌን አስቀምጬ ወጣሁ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ጋሽ መጋረጃ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጃቸው ገባች፤ ወሬው መንገድ ላይ ደርሷታል። አባቷን አየች፣ ባሏን አየች። ጋሽ መጋረጃ ስድቡን ለመቀበል አንገታቸውን ደፉ።

«አንዱ እብድ ያሳበደው ሌላ እብድ!» አለች። «አንተ ጽፈህ፣ አንተ ደግሞ ትተህ፤ የቤት ኪራዩን ማን ይክፈለው? እናንተ እንደሆነ የምታውቁት መቅፈፍ ብቻ ነው!»

«እኔ ጋ ትገባላችኋ» አሉ እናቷ፣ ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ። «የኋላ ክፍሉ አለ አይደል?»

ጋሽ መጋረጃ ደነገጡ፤ ግን በምን አፋቸው እምቢ ይበሉ? በወሩ መጨረሻ ሶፋውና ማያው ወደ ሳሎን ወጡ፤ የኋላ ክፍል ውስጥ አልጋ ገባ። ልጃቸው ለጥቂት ሳምንት አባቷን «ጨው አቀብለኝ» ከማለት በቀር አላናገረቻቸውም፤ ቀስ እያለች ግን መለሰላት።

ሙሽራው ሠርግ ለሚቀርጽ አንድ ፎቶ ቤት መሥራት ጀመረ። ከሥራ ሲመለስ ከአማቱ ጎን ተቀምጦ የመጡትን ዲስኮች ያያል። ሙያውን የሚያውቀው ከውስጥ ስለሆነ የማያየው ነገር የለም። «ይሄ ጥላ ተፍቋል»፣ «ይህቺ ሴትዮ ቆዳዋ ተለስኗል»፣ «ይሄ ጭስ የዛሬ እንጂ የያኔ አይደለም» እያለ ያማርራል። እንዲያውም ከጋሽ መጋረጃ ብሶ ቁጭ አለ። ለገጻቸው ሊያመሰግኑት የሚችሉት ፊልም እስኪያጡ ድረስ አሳር አሳያቸው።

በቀደም ለታ አንድ የዘራፊዎች ፊልም መጥቶላቸው ሲያዩ፣ ዋናዋ ተዋናይ ብቅ ባለች በደቂቃዋ ሙሽራው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ።

«ማርያም የሳመቻትን አጥፍተውባታል! አገጯ ላይ ነበር! አባባ፣ ይህን ጸያፍ ነገር አላይም!» ብሎ ማያውን ድርግም አደረገው።

ጋሽ መጋረጃ ጨለማው ማያ ላይ አፈጠጡ። ገንዘቡን ማን እንደሰረቀው ገና አልታወቀም ነበር።

«ልጄ» አሉ በልመና ድምፅ፣ «አብራው እስቲ። አብረን እየተጸየፍነው እንጨርሰው።»